የንጉሡን ጎፈር የጋጠችው በግ

ተረት ነው ብላችሁ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል። ታሪክ ነው ካላችሁም አልከራከርም፤ በዚያ አገር ሁለቱን አበጥሮ የሚለይ እስካሁን አልተገኘም።

በምዕራብ፣ አይቤሪያ በሚባለው ምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ተራራው ከባሕሩ ጋር የሚጋፋበት፣ ጉምና ዝናብ የማይለየው አገር ነበር። በዚያ የሚኖሩት አንበሶች ቀድሞ ከተራራው ወዲያ ያለውን ሰፊ ሜዳ ሁሉ ይገዙ ነበር ይባላል። እርስ በርስ ሲጣሉ ሜዳውን አጡት። የተረፉት ወደ ተራራው ሸሽተው ዋሻ ገቡና ዋሻውን ቤተ መንግሥት፣ ሽሽቱን ደግሞ ድል ብለው ሰየሙት። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። እውነቱን ለመናገር ጾሙን ከአንበሶቹ ይልቅ የሚወዱት በጎቹ ነበሩ።

ዙፋኑ ግን ሰላም አግኝቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ንጉሥ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ይህ ዛሬም እንደ ተአምር ይወራለታል። ልጁ አደን ወጥቶ ድብ ገደለው። ንጉሥ ገድሎ ዙፋን ሳይጠይቅ ወደ ጫካው የተመለሰ አውሬ በአገሩ ታሪክ ያ ድብ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጀመሪያው ንጉሥ አማች ነገሠ። ከዚያ ወንድሙን በገዛ መዳፉ የገደለ ነገሠ፤ እሱንም የወንድሙ ወዳጆች ገደሉት። አንዱ ከመወፈሩ የተነሣ ዳገት መውጣት አቅቶት ተሻረ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች አባታቸውን ከዙፋን አውርደው አገሩን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት። መንግሥት በደም ይወረሳል ይሉ ነበር፤ የማን ደም እንደሆነ ግን አይናገሩም።

በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ያልደፈራቸው ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው፣ ዐይኑ የጠፋ አንበሳ አይነግሥም የሚለው ነው። ስለዚህ አንበሶች ወንድማቸውን መግደል ሲከብዳቸው ዐይኑን ያወጡ ነበር፤ ይህንንም ምሕረት ይሉታል። ሁለተኛው፣ ጎፈሩ የተላጨ አንበሳ አይነግሥም የሚለው ነው። የዚህኛው መነሻ ክፉ አልነበረም። አንበሳ በዕድሜው ስንቱን በልቶ ነው የሚሞተው? ስለዚህ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ጎፈሩ ይላጫል፣ መነኩሴ ይሆናል፣ ክብሩን እዚሁ ትቶ በባዶ አንገቱ ወደ ፈጣሪው ይሄዳል። አንዴ ከተላጨ ዓለምን ትቷልና ቢድን እንኳ ወደ ዙፋኑ አይመለስም።

ጎፈሩን የምትላጨው በግ ናት። በግ ሣሩን ከሥሩ ትግጣለች፣ አፏም ደም ቀምሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጎፈሩን በጥርሷ እየጋጠች ታነሣለታለች። በጎች በመንግሥቱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ይህች ብቻ ነበረች፤ ከመበላት ሌላ ማለቴ ነው። አገልግሎቱ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ በትውልድ አንዴ ቢደርስ ነው። ግን አኮራራቸው! አንድ አውራ በግ ቀንዱን ቀና አድርጎ እኛ እኮ ንጉሥ የምናመነኩስ ነን ሲል ብትሰሙት፣ ትናንት ወንድሙ የተበላበት አይመስላችሁም። ፍየሎች በዚህ ነገር በቅናት ያርሩ ነበር።

በዚያን ዘመን የነገሠው አንበሳ ሲንዶ ይባላል። ደቦል ሳለ አጎቱ ዐይኑን ሊያወጣ ቢያሳድደው እናቱ በበጎች ጉሮኖ ውስጥ ደበቀችው፤ አንዲት በግም ከገዛ ልጇ ጋር እኩል አጠባችው። ያቺ ልጅ ቴዳ ናት። ሲንዶ አድጎ፣ አጎቱ በተራው በሌላ ተገድሎ፣ ሲነግሥ መጀመሪያ ያወጣው አዋጅ፣ ጡት ያልጣለ ግልገል አይበላም የሚል ነበር። ጡት ላይ ያለ ሁሉ ወንድሜ ነው አለ። አንበሶቹ አጉረመረሙ። የግልገል ሥጋ እንዴት እንደሚጣፍጥ እኔ አላውቅም፤ ሲያጉረመርሙ የሰማ ግን መገመት አያቅተውም። ሆኖም ሲንዶ ጉልበተኛ ስለነበረ ሕጉ ተከበረ፤ በዚያ አገር ሕግ የሚከበርበት ሌላ ምክንያት አልነበረም።

እመት ቴዳ እናቷ ስትሞት የላጪነቱን ሥራ ወረሰች። ዕድሜዋ እየገፋ ሄደ፣ ልጅ ግን አልወጣላትም፤ የወለደቻቸው አንዳንዱ በብርድ፣ አንዳንዱ በበሽታ አለቁባት። በስተርጅናዋ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ አንድ ወንድ ግልገል ወለደች። የስተርጅና ልጅ እንዴት እንደሚወደድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ትልሰዋለች፤ ነፋስ ሲነሣ በነፋሱ በኩል ቆማ ትከልለዋለች። ጎረቤቶቿ፣ ኧረ እመት ቴዳ፣ ልጁን በመላስ ጨረስሽው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ደግሞ የሲንዶን ዕድሜ ያርዝምልኝ ትላለች። ሲንዶ ካለ ሕጉ አለ፤ ሕጉ ካለ ልጇ ጠንክሮ መሮጥ እስኪችል ይደርስላታል። ከፈጣሪ የምትለምነው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሲንዶ ኤርሞ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ኤርሞ ከመጀመሪያው ክፉ አልነበረም፤ ተራው የማይደርሰው ታናሽ ነበር፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። የሁለቱም ነፍስ አባት አባ ቀበሮ ነበሩ። አባ ቀበሮ የአንዱን ኃጢአት ለሌላው አይነግሩም፤ የእያንዳንዱን ምኞት ግን በደንብ ያስታውሳሉ። የኤርሞን ምኞት ሰምተው ሰምተው በመጨረሻ አዘኑለት። ደም ማፍሰስ ግን አይወዱም። ደም ይጮኻል፣ ፀጉር ግን አይጮኽም ይሉ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ጾሙ ተፈትቶ፣ የአገሩ እኩሌታ ሲበላ እኩሌታው ሲያለቅስ በዋለበት ቀን፣ አባ ቀበሮ ማር የገባበት መጠጥ ለንጉሡ አቀረቡለት። ምን ቅጠል እንደጨመሩበት እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ። ሲንዶ ነፍስ አባቱን ያምን ነበርና ጠጣ። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ በጎኑ ወደቀ፤ ምላሱ ወጣ፣ ቢጠሩት አይሰማም። አባ ቀበሮ ፊታቸውን አጥቁረው ከዋሻው ወጡና ንጉሡ ሊያርፍ ስለሆነ ላጪዋ በቶሎ ትጠራ አሉ።

ቴዳ ግልገሏን ለጎረቤት ትታ መጣች። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አስጠጋች። ልቡ ይመታል፤ ቀስ ይላል እንጂ ደህና አድርጎ ይመታል። ቀና ብላ አባ ቀበሮን አየቻቸው።

«አባ፣ ይሄ የሚሞት ልብ አይደለም። ትንሽ ብንጠብቅስ?» አለቻቸው።

«ጠብቂ ልጄ» አሏት በለሆሳስ። «ግን ጎፈሩን እንደ ለበሰ ቢያርፍ፣ የበላቸውን ነፍሳት ሁሉ ተሸክሞ ነው ፈጣሪው ፊት የሚቆመው። በእናትሽ ጡት ያደገው ወንድምሽ ያን ጊዜ ወዴት እንደሚጣል አንቺው ታውቂያለሽ።»

ለጠላቷ ቢሆን ትጠብቅ ነበር። ለምትወደው ግን እንዴት ትጠብቅ? ተንበረከከችና ትግጥ ጀመር፤ እንባዋ ከጎፈሩ ጋር ወደ አፏ እየገባ ጨው ጨው አላት። ስትጨርስ ያ ግርማ ሞገስ ያለው አንበሳ የተኛ ድመት መሰለ። አውሬው ሁሉ አለቀሰ። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው ኤርሞ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሲንዶ ነቃና ውኃ ጠየቀ። ውኃውን ያመጣችለት ሚዳቋ አይታው ክው ብላ ቀረች። ነገሩ የገባው ውኃው ውስጥ የራሱን መልክ ሲያይ ነው።

ጉባኤ ተጠራ። ሲንዶ ባዶ አንገቱን ይዞ መጥቶ እንደ ልማዱ መካከል ቆመ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ያፈሩት በእሱ ይሁን በራሳቸው እንጃ።

መጀመሪያ የተናገረችው ጥንቸል ናት። ጥንቸል ፈሪ ናት ይባላል፤ ስሟን አጥፍተውት ነው። ነገሯ አጭር ነበር። መላጨት ለሚሞት ነው፤ ንጉሡ ይኸው ቆሟል፤ ስለዚህ የተደረገው ስሕተት ነው፣ በስሕተት ደግሞ ንጉሥ አይሻርም፤ ፀጉሩ እስኪበቅል እንደራሴ ይቀመጥለትና ከዚያ ወደ ዙፋኑ ይመለስ አለች። ብዙዎቹ ልክ ናት እያሉ አጉተመተሙ። አንድ ሽማግሌ በሬ እንዲያውም ጮክ ብሎ እውነቷን ነው አለ። በሬው በእርጅናው ምክንያት ፍርሃቱን ረስቶት ይሆናል፤ ግን አለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አባ ቀበሮ ተነሡ። አልተቆጡም። እንዲያውም ጥንቸልን ስለ አስተዋይነቷ አመሰገኗት። ቀጥለው፣ ነገሩን የሚያውቀው የላጨው አፍ ብቻ ነውና ቴዳ ትመስክር አሉ። ንጉሡ ሲላጭ እየሞተ አልነበረም ካለች ይመለስ፣ እሳቸውም ጉልበቱን ስመው ይቀበሉታል። ነገር ግን የሚሞተውን ከሚኖረው መለየት ያቃተው አፍ ከእንግዲህ ንጉሥ ሊላጭ አይገባውምና አገልግሎቱ ከበጎች ወጥቶ ለፍየሎች ይሰጣል። በቴዳ እናትና በአያቷ የተላጩት የቀድሞ ነገሥታትም በእርግጥ እየሞቱ ነበር ወይ ተብሎ ይመረመራል። ከበስተኋላ የቆሙት ፍየሎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኤርሞም ተነሥቶ መስቀል አስመጣና ማለ። እኔ ብነግሥ የወንድሜን ሕግ አልሽርም፣ ጡት ያልጣለ ግልገል በዘመኔ አይበላም አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ያላዘነ አልነበረም።

ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ተበተነ። አውራ በጎቹ ቴዳን ከበቧት፤ አንዱ በቀኝ ጆሮዋ፣ አንዱ በግራዋ ይነግራታል። ሕጉ እንደሆነ አልተነካም፣ በመስቀል ተምሎበታል፣ ልጅሽ ደህና ነው አሏት። ንጉሥ ይሄዳል ንጉሥ ይመጣል፣ ክብራችን ግን አንዴ ለፍየል ከሄደ አይመለስም አሏት። የእናትሽን አጥንት አታሳፍሪ አሏት። ስለ ኤርሞ መሐላ አንዳቸውም አልጠረጠሩም፤ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበራቸውም፣ ዐይናቸው ሁሉ ፍየሎቹ ላይ ነበር።

ቴዳ ወደ መካከል ወጣች። ግልገሏ ከእግሯ ሥር አልተለየም፤ ጡቷን ፍለጋ ሆዷን በአፍንጫው ይገፋል። ወደ ሲንዶ አየች። ሲንዶም አያት።

«እየሞተ ነበር» አለች። «ልቡን ሰምቻለሁ።»

ጥንቸል አላስቻላትም። ወደ ሲንዶ ዞራ አንተስ ምን ትላለህ አለችው። አንድ ቃል፣ ተሳስታለች የምትል አንዲት ቃል ቢወጣው፣ በሬውም ሌሎቹም አብረውት ይቆሙ ነበር።

«እህቴ እየሞትክ ነበር ካለችኝ፣ እየሞትኩ ነበር ማለት ነው» አለ ሲንዶ። «ሕጌን ብቻ ጠብቁልኝ። ለእኔ አንድ ዋሻ ይበቃኛል።»

አምኗት ይሁን አዝኖላት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ አምኗት ነው ባይ ነኝ፤ አብሮ የጠባ ሰው ሞኝ ነው። ያን ዕለት ከቤተ መንግሥቱ ርቆ ወደሚገኝ የመነኮሳት ዋሻ ወሰዱት፤ ለክብሩ ብለው ተኩላዎች በሩ ላይ አቆሙለት።

ኤርሞ ነገሠ። መሐላውንም አላፈረሰም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ዝናቡ ሳይበረታ አባ ቀበሮ ለሕጉ ማብራሪያ አወጡለት። አንድ ጊዜ እንኳ ሣር ወደ አፉ ያስገባ ግልገል ጡት እንደ ጣለ ይቆጠራል አሉ። ግልገል እኮ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ የእናቱን አፍ እያየ ሣር መነካካት ይጀምራል። ጨዋታው ነው፤ አይውጠውም እንኳ። ጥንቸል ይህን ልትናገር ብትነሣ፣ ጉባኤ በሌለበት የምን ንግግር ነው ተባለች።

ቴዳ ማብራሪያውን የሰማች ቀን ልጇን ከመስኩ አውጥታ ሣር የሌለበት ቦታ ፍለጋ ዞረች። በዚያ ጉምና ዝናብ በማያጣው አገር ሣር የሌለበት ቦታ የት ይገኛል? ድንጋይ ለድንጋይ እየወሰደች ታውለው ጀመር። ሲርበው ታጠባዋለች፣ ሊወርድ ሲል በራሷ ትገፋዋለች፤ እሷ ራሷ መብላቱን ትታ ከሳች። የኤርሞ ተኩላዎች ራቅ ብለው ተቀምጠው ያያሉ። አይቸኩሉም፣ ሕግ አክባሪዎች ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል፣ ግልገሉ ከድንጋዩ ስንጥቅ የበቀለች አንዲት ሣር ነጨ። ተኩላዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ አይተናል ተባብለው መጡ። ከፊቷ ወሰዱት።

ምን ልበላችሁ? አለቀሰች ብል አይበቃም። ጡቷ ሞልቶ እየፈሰሰ ያችው ድንጋይ ላይ ሰነበተች። ያለፈ ያገደመው እግዜር ያጥናሽ ይላታል። አውራ በጎቹም መጥተው አጽናኗት፤ ክብራችንን ግን ጠበቅሽልን አሏት። ይህን ያሉት ሊያቆስሏት አልነበረም፣ ከልባቸው ነው። እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ከዚያ በኋላ የብዙዎች ግልገሎች ሄዱ። ያን ጊዜ ነው አገሬው የሲንዶን ስም በሹክሹክታ ማንሣት የጀመረው።

ፀጉር ደግሞ አዋጅ አይሰማም። ዓመት ሲዞር የሲንዶ ጎፈር ተመልሶ በቀለ፤ በሩቅ ያዩት ወፎች ከቀድሞው ይበልጣል ብለው አወሩ። ልጆቻቸውን ያጡት በጎች፣ ሚዳቋዎቹ፣ ሽማግሌው በሬ ሳይቀር፣ ወደ ዋሻው አቅጣጫ እያዩ ማደር ጀመሩ። አንድ ጊዜ ብቅ ቢል፣ ጎፈሩን ለብሶ ሸንተረሩ ላይ ቢቆም፣ ማን ነው ደፍሮ ንጉሥ አይደለህም የሚለው? ግን ተኩላዎቹ ማንንም አያስገቡም። ሲንዶም ስለ ውጭው የሚያውቀው አልነበረም፤ ሕጉ የቆመ መስሎት ጸሎቱን ይጸልያል።

ኤርሞ ፈራ። እንደ አባቶቹ ወግ የሲንዶን ዐይን እናውጣ አለ። አባ ቀበሮ ከለከሉት። ዕውር ያሳዝናል፣ የታዘነለት ደግሞ ተከታይ ያፈራል አሉ። መነኩሴ አይደል? የመነኩሴ ፀጉር በየዓመቱ ይላጭ። ማን እንደሚላጨው ደግሞ በጉባኤ የተወሰነ ነው፣ የቴዳ አፍ እንደማይሳሳት አገር መስክሯል።

አውራ በጎቹ ይህን ሲሰሙ የሆኑትን ብታዩ! በትውልድ አንዴ የነበረው ክብር በየዓመቱ ሊሆንላቸው ነው። ፍየሎቹን አለፍ አገደም እያሉ ተረቧቸው። ቴዳንም በሰልፍ፣ በዘፈን አጅበው እስከ ዋሻው በር አደረሷት።

ተኩላዎቹ ገለል አሉላት፣ ብቻዋን ገባች። ሲንዶ ከስቷል፤ ጎፈሩ ግን ትከሻውን አልፎ ደረቱ ላይ ወርዷል። ሲያያት ፊቱ በራ። ልትላጨው እንደ ተላከች ነገረችው። ሥራሽ ነው ምን ታደርጊ ብሎ እንድትደርስበት ተኛላት። ከማጅራቱ ጀመረች።

«እህቴ ቴዳ» አለ ትንሽ ቆይቶ። «ተኩላዎቹ ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል። እነሱን አላምንም፣ አንቺን ግን አምናለሁ። ሕጌ ቆሟል? ካልቆመ ንገሪኝ። ጎፈሬ ይኸው ደርሷል፤ ጉልበትም አላጣሁም። ተኩላዎቹ አይዙኝም። ዛሬውኑ ወርጄ ጉባኤው መካከል እቆማለሁ።»

ቴዳ አልመለሰችም። አፏ በፀጉር ሞልቶ ነበር። ከውጭ የአውራ በጎቹ ዘፈን ይሰማል። ልጄን በሉት ብትለው ይነሣል፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከመነሣቱ በፊት እንዴት ሆኖ ይላል፣ ማን ፈቀደ ይላል፣ ያን ጊዜ እየሞትክ ነበር ያልኩህ ውሸቴን ነው ማለት ሊመጣ ነው። ዐይን ዐይኑን እያየች ልትለው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ልትለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሲንዶ ዝምታዋን በጎ አድርጎ ተረጎመው።

«ያ የስተርጅና ልጅሽስ?» አላት በደስታ። «ጡት ጣለ?»

ቴዳ በአፏ የያዘችውን ፀጉር ዋጠችው።

«ጥሏል ጌታዬ» አለች።

«ተመስገን» አለ ሲንዶ። ዐይኑን ጨፈነና እንዲመቻት አንገቱን ዝቅ አደረገላት፤ እሷም እስከ ሥሩ ጋጠችው።